ያረጀ የአርማታ ድልድይ፦ በምን ይጠናከር? በምንስ ይጠበቅ?

40 እና 50 ዓመት ያገለገለ የአርማታ ድልድይ ሥር ገብቶ ቀና ብሎ ለሚያይ መሐንዲስ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ከተሸካሚዎቹ ሆድ ወደ ላይ የሚወጡ ቀጫጭን ስንጥቆች፣ ሽፋኑ ረግፎ የዛገ ፌሮ፣ የውኃ መውረጃው ተደፍኖ እርጥበት ያጠቆረው ሶሌታ። ከላይ ድልድዩ ሲነደፍ ያልታሰቡ ባለተሳቢ መኪኖች ይመላለሳሉ። አፍርሶ ለመሥራት ገንዘብ የለም፤ ገንዘቡ ቢገኝም ተለዋጭ መንገድ የለም። ሁለት ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ በምን እናጠናክረው? ሁኔታውንስ በየጊዜው ሰው ሳንልክ በምን እንከታተለው?

ለሁለቱም ገበያው መልስ ሞልቶታል። የካርቦን ፋይበር ስትሪፕ አለ፣ ጨርቅ አለ፣ የብረት ላሜራ አለ፤ በሴንሰር በኩል ደግሞ ከጥቂት ሺህ ብር የስንጥቅ መለኪያ እስከ ሳተላይት ድረስ ተደርድሯል። ሁሉም በየቦታው ይሠራል። ለየትኛው ድልድይ የትኛው እንደሚሆን ለመለየት ግን ሁለት ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ማጠናከሪያውን የሚወስነው የአሮጌው ኮንክሪት አቅም ነው። ሴንሰሩን የሚወስነው ንባቡ ሲደርስ ማን ምን ያደርግበታል የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን ማወቅ

ድልድይ በጎርፍ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚከዳው መሠረቱ ነው። ወንዙ ሲሞላ በምሰሶው ዙሪያ የሚሽከረከረው ውኃ አፈሩን ይቦረቡራል፤ ጎርፉ ሲያልፍ ጉድጓዱ በደለል ስለሚሞላ በበጋ የመጣ መርማሪ ምንም አያይም። ለእንዲህ ያለው ድልድይ የካርቦን ፋይበር አንድም ነገር አይፈይድም። ገንዘቡ ለድንጋይ ክምር፣ ድንጋይ ለተሞላ የሽቦ ሣጥን (ጋቢዮን) እና ለመሠረት ማጠናከሪያ መዋል አለበት። ይህ በጣም ግልጽ ቢመስልም፣ ተሸካሚው በዘመናዊ ቁስ ተጠናክሮ ምሰሶው ያለ ጥበቃ የሚቀርበት ፕሮጀክት እውነተኛ አደጋ ነው።

ሁለተኛው ዝገት ነው። የዛገ ፌሮ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በላዩ የተለጠፈ ማንኛውም ነገር ከሽፋኑ ጋር አብሮ ይወድቃል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ትንሽ ቦታ ተፈንቅሎ አዲሱ ገጽ ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ቀለም የሚቀይር ፈሳሽ ይረጫል። ሐምራዊ ከሆነ ኮንክሪቱ ፌሮውን የመጠበቅ አቅሙ አለ፤ ቀለም ካልያዘ ካርቦኔሽን ገብቶበታል፣ ማለትም የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያንን አቅም አጥፍቶታል። ቀለም አልባው ጥልቀት ፌሮው ጋ ከደረሰ፣ መጀመሪያ የላላው ኮንክሪት ተነቅሎ፣ ፌሮው እስኪነጣ ተጠርጎ፣ በጥገና ሞርታር መሞላት አለበት። ማጠናከሪያ ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው እውነተኛ የአቅም ማነስ ነው። እዚህ ላይ ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ማየት ይጠቅማል። በመካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ የመታጠፍ ነው፤ ከድጋፉ አጠገብ በ45 ዲግሪ ግድም ያጋደለ ስንጥቅ የሺር (ተሸካሚውን እንደ መቀስ የሚቆርጥ ኃይል) ነው። የሺሩ ይበልጥ ያስፈራል፤ ተሸካሚ በሺር ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም ማለት ይቻላል። በሆዱ ላይ ብቻ ካርቦን ለጥፎ የመታጠፍ አቅሙን ማሳደግ ደግሞ ሊመጣ የነበረውን ቀስ ያለ ውድቀት ወደ ድንገተኛ የሺር ውድቀት ሊለውጠው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሁለት ቁጥሮች በእጅ መኖር አለባቸው። ከተሸካሚው በኮር ማሽን የተወሰደ ናሙና የመጨመቅ ጥንካሬ ቢያንስ 17 ሜጋፓስካል (አንዱ በካሬ ሚሊ ሜትር አንድ ኒውተን ነው)፣ ገጹ ላይ ክብ ብረት ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ተጣብቆ ሲሳብ የሚለቅበት ጥንካሬ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል። የአሜሪካ ኮንክሪት ተቋም ኤሲአይ 440.2አር የተባለው መመሪያ ከእነዚህ በታች ለሆነ ኮንክሪት በመለጠፍ ላይ ብቻ የቆመ ማጠናከሪያን አይቀበልም። ከ60ዎቹና ከ70ዎቹ የመጣ በእጅ የተደባለቀ ኮንክሪት ይህን ፈተና ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ከግዢው በፊት ይደረግ።

2800 የሚለው ቁጥር

በገበያ በብዛት የሚገኘው የካርቦን ስትሪፕ 1.2 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በፋብሪካ የጠነከረ ጠፍጣፋ ነገር ነው። የምርቱ መግለጫ ወረቀት የመሳብ ጥንካሬው 2800 ሜጋፓስካል፣ ሞዱለሱ (ለመለጠጥ ያለው ግትርነት) 165 ጊጋፓስካል ይላል። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 1.2 ስትሪፕ 120 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በ2800 ሲባዛ 336 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። የሻጩ ንጽጽር ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ ይቆማል።

ድልድዩ ላይ ይህ ኃይል አይገኝም። ስትሪፑ ከመበጠሱ ቀድሞ ከሥሩ ያለው ስስ የኮንክሪት ንብርብር ይላቀቃል። የሚላቀቅበትን ስትሬን (ከርዝመቱ አንጻር የሚለጠጥበትን መጠን) መመሪያው በአጭር ቀመር ያሰላዋል፤ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ለሞዱለስ፣ ለውፍረትና ለንብርብር ቁጥር ብዜት ይካፈላል፣ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል፣ በ0.41 ይባዛል። ለ25 ሜጋፓስካል ኮንክሪት ብንሠራው፣ 25 ሲካፈል ለ198,000፣ ሩቱ 0.0112፣ በ0.41 ሲባዛ 0.0046። ይህ ስትሬን ስትሪፑ ላይ 760 ሜጋፓስካል ያህል ነው፤ 91 ኪሎ ኒውተን ማለት ነው። ከ336ቱ 27 በመቶ ብቻ። ንድፉ ከዚህም ላይ 0.85 የሆነ ተጨማሪ መቀነሻ ያስገባል።

ከብረት ላሜራ ጋር ስናወዳድረው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። 150 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ የተለመደ ላሜራ፣ 275 ሜጋፓስካል የሚሸከም ከሆነ፣ 206 ኪሎ ኒውተን ይይዛል። በአንድ ሜትር 5.9 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ካርቦኑ በሜትር 0.19 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ የካርቦን ትልቁ ጥቅም ክብደቱ፣ አለመዛገቱና ሳይቀጠል ከጥቅሉ በሚፈለገው ርዝመት መቆረጡ ነው። ይህን ጥቅም በግልጽ ያሳየው በስዊዘርላንድ ሉሰርን አጠገብ ያለው የኢባኽ ድልድይ ነው። የትራፊክ መብራት ለመትከል ሲቦረቦር አንድ የቅድመ ውጥረት ገመድ (በኮንክሪቱ ውስጥ ተወጥሮ የሚያጨምቀው የብረት ገመድ) ተጎድቶ ነበር፤ በ1991 እ.ኤ.አ. በካርቦን ስትሪፕ ተጠገነ። ብረት ቢሆን 175 ኪሎ ግራም ይፈጅ የነበረው ሥራ በ6.2 ኪሎ ግራም ካርቦን አለቀ፤ ስካፎልዲንግ ሳይቆም ከተንቀሳቃሽ መወጣጫ ላይ ተሠራ። ጥልቅ ሸለቆ ላይ ላለ፣ ሥሩ ስካፎልዲንግ ለማቆም ለማይመች ድልድይ ይህ ልዩነት ዋጋውን ሁሉ ሊገለብጠው ይችላል።

የካርቦን ጨርቅ ሌላ ባሕርይ አለው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ጨርቅ የፋይበሩ ውፍረት 0.167 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጭንና ሰፊ ስለሆነ ኃይሉን ለብዙ ኮንክሪት ያካፍላል። በዚያው ቀመር፣ በዚያው ኮንክሪት፣ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ንብርብር 120 ኪሎ ኒውተን ያህል ይይዛል። ከስትሪፑ ይበልጣል። ሁለተኛ ንብርብር ሲጨመርበት ግን ኃይሉ ሁለት እጥፍ አይሆንም። የንብርብሩ ቁጥር በቀመሩ ውስጥ በሩት ሥር ስላለ 170 ላይ ይደርሳል፤ ሦስተኛው 209 ያደርሰዋል። ሦስተኛውን ንብርብር የሚያክል ገንዘብ ወጥቶ የተገኘው 39 ብቻ ነው። አራትና አምስት ንብርብር የሚያቀርብ ንድፍ ካያችሁ ስሌቱን ጠይቁ። ጨርቁ በስፋት መዘርጋት ሲችል መደራረቡ አይመከርም።

ሦስተኛው የካርቦን አሠራር በሽፋኑ ውስጥ ቦይ ቆርጦ መቅበር ነው። 2 በ16 ሚሊ ሜትር የሆነ ስትሪፕ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 24 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይፈልጋል። በሁለት ጎኑ ስለተያዘ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ስትሪፑ የሚበጠስበት ስትሬን፣ ለውጭ አየር በመጋለጡ ከተቀነሰለት በኋላ፣ 70 በመቶው እንዲታሰብ ይፈቀዳል። አንዷ ቀጭን ስትሪፕ 53 ኪሎ ኒውተን ግድም ትሰጣለች፤ 32 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ሆና። በቁስ አጠቃቀም ከሦስቱ ይህ ይበልጣል ብለን እናምናለን። እንቅፋቱ የሽፋኑ ስስነት ነው። ሽፋኑ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ተሸካሚ ላይ የ24 ሚሊ ሜትር ቦይ መቁረጥ ፌሮውን ከመቁረጥ አይለይም። በፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ ሙሉው መስመር ሳይታይ ዲስኩ አይነሳ።

ብረትና አርማታ የሚያሸንፉባቸው ቦታዎች

የአርማታ መጠቅለያ፣ ማለትም ተሸካሚውን ወይም ምሰሶውን በአዲስ ፌሮና ከ75 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ማልበስ፣ ያረጀ ዘዴ ነው፤ ግን በብዙ የአገራችን ድልድይ ላይ ቀዳሚ ምርጫ መሆን ይገባዋል። ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ካሳፎርማውና ሠራተኛው እዚሁ አለ። ግትርነትንም ይጨምራል፤ ካርቦን ግን እጅግ ቀጭን ስለሆነ የተንጋደደ ተሸካሚን አያቃናም። የ17 ሜጋፓስካሉን ፈተና የወደቀ ኮንክሪትም መጠቅለያን ይቀበላል። ዋጋው ክብደቱ ነው፤ አዲሱ ጭነት እስከ መሠረቱ ድረስ መሰላት አለበት። በወንዝ ውስጥ ያለ ምሰሶ ሲወፍር የውኃውን መንገድ እንደሚያጠብም አይዘንጋ።

የብረት ላሜራ በቡሎንና በኢፖክሲ ሲያያዝ ርካሽ ነው፣ ማንኛውም ጥሩ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያዘጋጀዋል። ችግሩ በላሜራውና በኢፖክሲው መካከል የሚገባው እርጥበት ነው። ዝገቱ ከውጭ አይታይም፤ በሚታይበት ጊዜ ላሜራው ለቋል። ደረቅ በሆነ፣ ቀለሙ በየጊዜው በሚታደስ ቦታ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ከሁሉም የተለየ ነው፤ በውጭ በኩል የሚወጠር ገመድ። ካርቦንም ላሜራም ከተለጠፉ በኋላ የሚመጣን ጭነት ብቻ ነው የሚያግዙት። የድልድዩ የራሱ ክብደት ቀድሞ በአሮጌው ፌሮ ላይ ነው፤ እዚያው ይቀራል። ተሸካሚው ከራሱ ክብደት የተነሳ ከተንጋደደና ስንጥቁ እንዲዘጋ ከተፈለገ መፍትሔው መወጠር ነው፤ ልምድ ያለው ተቋራጭ፣ ጃክና ጠንካራ መያዣ ግን ይጠይቃል።

ከምርጫ በፊት የመጨረሻው ፍተሻ ይህ ነው። የተለጠፈው ማጠናከሪያ በእሳት ወይም በጉዳት ቢጠፋ ድልድዩ መውደቅ የለበትም። ያለ ማጠናከሪያው የቀረው አቅም ቢያንስ የቋሚው ጭነት 1.1 እጥፍ እና የተንቀሳቃሹ 0.75 እጥፍ ድምር መሆን አለበት። የቋሚው ጭነት ሞመንት (የማጠፍ ጉልበት) 800፣ የተንቀሳቃሹ 600 ኪሎ ኒውተን ሜትር ከሆነ፣ አሮጌው ተሸካሚ ብቻውን 1330 መሸከም ይጠበቅበታል። ይህን ካላሟላ ካርቦን አይመረጥ። በብዙ ከተሞች ድልድይ ሥር ሰዎች ይኖራሉ፣ እሳት ያነዳሉ፤ ተራ ኢፖክሲ ደግሞ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መለስለስ ይጀምራል።

ሥራው ላይ የሚበላሸው

በካርቦን ሥራ ቁሱ ራሱ ሲከዳ ማየት ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚከዳው ገጹ ነው። የሲሚንቶው ስስ ቆዳ በግራይንደር ወይም በአሸዋ ርጭት ተነስቶ ጠጠሩ መታየት አለበት። ከዚያ አቧራው በቫኪዩም ይወሰድ፤ በውኃ መታጠብ እርጥበት ያስገባል። የገጹ ሙቀት ጤዛ ከሚወርድበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ ይሁን። በደጋ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጠዋቶች ኮንክሪቱ ከአየሩ ይቀዘቅዛል፤ በእጅ የማይታወቅ ጤዛ ይይዛል። እዚያ ሥራ ከረፋድ በፊት አይጀመር። በቆላ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር የተደባለቀው ኢፖክሲ ቶሎ ይጠነክራል፤ በ10 ዲግሪ ልዩነት የሥራው ጊዜ በግማሽ ግድም ያጥራል። በትንሽ በትንሹ መደባለቅ፣ ለ3 ደቂቃ ያህል በዝቅተኛ ፍጥነት ማዋሐድ፣ ቀለሙ አንድ ወጥ እስኪሆን መጠበቅ። በትራፓኖ ፈጣን ዙር የተደባለቀ ኢፖክሲ አየር ይይዛል።

ስትሪፑ በፈሳሽ ማጽጃ ተጠርጎ ነጭ ጨርቅ ጥቁር የማይይዝ እስኪሆን ይጠብቅ። ኢፖክሲው ኮንክሪቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ስትሪፑ ላይ ደግሞ መሐሉ ከፍ ብሎ እንደ ጣሪያ ይቀባ፤ በጎማ ሩሎ ሲጫን ኢፖክሲው በሁለቱም ጎን መውጣት አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ከወጣ በሌላው ጎን አየር አለ። እስኪጠነክር ድረስ ከባድ መኪና በዚያ መስመር አይለፍ፤ በየጊዜው የሚንቀጠቀጥ ኢፖክሲ አይዝም።

ጨርቅ ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ቢያንስ 13 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይዞ ይከርከም፤ ስለታም ጫፍ ፋይበሩን ይቆርጠዋል። አራት ማዕዘን ምሰሶ አንዱ ጎኑ ከሌላው ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጎኑ ከ900 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ በጨርቅ መጠቅለሉ ኮንክሪቱን አጥብቆ አይዝም። ካርቦኑ ባዶውን ፌሮ ወይም ቡሎን የሚነካበት ቦታ ካለ ብረቱ ቶሎ ይዝጋል፤ በመካከላቸው የግላስ ፋይበር ንብርብር ይግባ።

ከተጠናቀቀ በኋላ ፈተናው ሳንቲም ወይም ቀላል መዶሻ ነው። ጉሮሮው የተዘጋ ድምፅ ባለበት ሁሉ ባዶ አለ። ከ1300 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ ባዶ፣ ጠቅላላው ከ5 በመቶ ካልበለጠና በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 በታች ከሆነ ይታለፋል። ከ16,000 ካሬ ሚሊ ሜትር የበለጠው ተቆርጦ ይተካ፤ በመካከል ያለው ኢፖክሲ ይወጋ ወይም እንደ ቦታው ይተካ። ሌላ ብዙ የማይታሰብ አደጋ አለ። በምሰሶ ላይ ባለው ሶሌታ የላይኛው ገጽ ላይ ስትሪፕ ተለጥፎ ከሆነ፣ 150 ዲግሪ የሆነ ትኩስ አስፋልት ሲፈስበት ኢፖክሲው ይለሰልሳል። የአስፋልቱ ተቋራጭ ከማጠናከሪያው ተቋራጭ ጋር ሳይነጋገር የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ይህ በውል ውስጥ ይጻፍ።

ለአዲስ ሥራ ፌሮን በግላስ ፋይበር መተካት የሚል ሐሳብም ይቀርባል። ክብደቱ ከብረት አንድ አራተኛ ነው፣ ፈጽሞ አይዝግም። ጨው ባለበት መሬት ላይ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ጥቅሙ እውነት ነው። ሞዱለሱ ግን ከ45 እስከ 60 ጊጋፓስካል ነው፤ ብረት 200 ነው። ስለዚህ ንድፉን የሚወስነው መንጋደድና ስንጥቅ ይሆናል፣ ብዙ ቁስም ይፈጃል። በቦታው አይታጠፍም፤ ስቲራፑ (ዋናዎቹን ፌሮዎች የሚከበው ቀለበት) ከፋብሪካ ታጥፎ መምጣት አለበት። ኮንክሪት ሲፈስና ሲነዘር ደግሞ ቀላል ስለሆነ ሊንሳፈፍ ይችላልና ወደ ታች ታስሮ ይያዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ተራ ድልድይ ብረት ይበቃል።

ሴንሰሩ የሚመልሰው ጥያቄ

በ2007 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የወደቀው የኢንተርስቴት 35 ድልድይ 13 ሰው ገደለ። ምክንያቱ ከመነሻው ቀጥነው የተነደፉ የመገጣጠሚያ ላሜራዎች ነበሩ፤ በዕለቱ የግንባታ ጭነትም በላዩ ነበር። በቦታው የተተካው ድልድይ በ2008 ሲከፈት ከ300 በላይ ሴንሰሮች ተተክለውለት ነበር። ከዚህ ሊወሰድ የሚገባው ነገር ሴንሰር በተሳሳተ ቦታ ላይ ከሆነ ቁጥሩ ቢበዛም እንደማያድን ነው፤ መጀመሪያ የት ሊሰበር ይችላል ተብሎ መታሰብ አለበት።

የሚቀጥለውን ንጽጽር ከጥያቄው ተነሥታችሁ አንብቡት።

ጥያቄው «ስንጥቁ እየሰፋ ነው ወይ?» ከሆነ፣ የፕላስቲክ ስንጥቅ መለኪያና በወር አንድ ጊዜ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቦታው ሩቅ ከሆነ ባትሪ ያለው ገመድ አልባ የስንጥቅ መለኪያ በሎራ (ጥቂት ኃይል ፈጅቶ አጭር መልእክት ሩቅ የሚልክ) ሬዲዮ በሰዓት አንዴ ንባብ ሊልክ ይችላል፤ ባትሪውም ለዓመታት ይቆያል።

ጥያቄው «ከዓመት ዓመት ጭነቱ እየጨመረ ነው ወይ?» ከሆነ፣ የሚንቀጠቀጥ ሽቦ ያለው የስትሬን መለኪያ ይመረጣል። ሽቦው ተመትቶ የሚሰጠው ድምፅ ድግግሞሽ ይነበባል፤ ድግግሞሽ በረጅም ኬብል ስለማይደክም ለብዙ ዓመት የተረጋጋ ንባብ ይሰጣል። የሚያልፍ መኪናን ግን አይከተልም፤ አንዱን ንባብ ለመውሰድ ጊዜ ይፈልጋል። ለጭነት ሙከራ ቀን፣ መኪኖች ቆመው በሚለኩበት ጊዜ፣ ርካሹ የኤሌክትሪክ ስትሬን ጌጅ ይሻላል። ለዓመታት ሲቀመጥ ግን እርጥበት ንባቡን ያንሸራትተዋል።

የፋይበር ኦፕቲክ ብራግ ግሬቲንግ፣ ማለትም ሲለጠጥ የሚመልሰው የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚቀየር በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ያለ ምልክት፣ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ቀርፋፋውንም ፈጣኑንም ይለካል፣ በውስጡ ኤሌክትሪክ ስለሌለ መብረቅ አይነካውም። መብረቅ ለሚበዛባቸው ከፍታ ቦታዎች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ባለ መዳብ ኬብል ሲስተም በአንድ ክረምት ሊቃጠል ይችላል። በ1550 ናኖ ሜትር ላይ አንድ ማይክሮስትሬን (የርዝመቱ አንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ) 1.2 ፒኮ ሜትር፣ አንድ ዲግሪ ደግሞ 10 ፒኮ ሜትር ግድም ያንቀሳቅሰዋል። ማለትም የሙቀት ማካካሻ ግሬቲንግ ካልተተከለ 1 ዲግሪ ለውጥ 8 ማይክሮስትሬን መስሎ ይነበባል። በ40 ናኖ ሜትር መስኮት ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ 1500 ማይክሮስትሬን ወደላይና ወደታች ከተያዘለት፣ በአንድ ፋይበር ከ8 እስከ 10 ግሬቲንግ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ቃል የሚገባ ካለ ክልሉን እንዳጠበበ እወቁ። ውዱ ነገር ማንበቢያው ሣጥን ነው። ነጥቦቹ ጥቂት ከሆኑ የሚንቀጠቀጠው ሽቦ በዋጋ ያሸንፋል፤ በብዙ ደርዘን ሲሆኑ ሚዛኑ ወደ ፋይበሩ ያጋድላል። የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ ፋይበሩ ሳይሆን በአቧራ የተነካ ማገናኛው ነው። ሌባም መዳብ መስሎት ሊቆርጠው ይችላል፤ በብረት ቧንቧ ውስጥ ይቀበር።

የንዝረት መለኪያ ማራኪ ነው፤ ድልድዩ ሲዳከም የተፈጥሮ ድግግሞሹ ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን ሙቀትም ይቀይረዋል። በስዊዘርላንድ የዜድ 24 ድልድይ ከመፍረሱ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ሲለካ አስፋልቱ በብርድ ሲጠነክር ድግግሞሹ በግልጽ ከፍ ብሎ ታየ። በእኛ አየር በረዶ ባይኖርም የቀንና የሌሊት ልዩነት አለ፤ ያለ ሙቀት ንባብና ያለ አንድ ሙሉ ዓመት መነሻ ማንም በድግግሞሽ ብቻ አይፍረድ። ንዝረት በእርግጠኝነት የሚያገለግለው ለገመድ ነው። በዓባይ ላይ ያሉት፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የህዳሴ ድልድይ፣ እንዲሁም የባሕር ዳሩ አዲስ ድልድይ በኬብል የተደገፉ ናቸው። የኬብል ውጥረት በግምት 4 ጊዜ በሜትር ክብደቱ፣ ጊዜ የርዝመቱ ካሬ፣ ጊዜ የድግግሞሹ ካሬ ነው። በሜትር 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 40 ሜትር የሚረዝም ኬብል በ2.5 ኸርዝ ቢንዘር 2000 ኪሎ ኒውተን ይዟል። አጭርና ወፍራም ኬብል ግን እንደ ክር ስለማይሆን ማስተካከያ ይፈልጋል።

የመረጃውን መጠንም አስሉ። ሦስት አቅጣጫ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ በ24 ቢት የሚያነብ አንድ የንዝረት መለኪያ በቀን 78 ሜጋባይት ያህል ያወጣል። ሎራ በሩቅ ርቀት በአንድ መልእክት 51 ባይት ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ስሌቱ በቦታው ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ ይላካል፤ አለዚያ በሞባይል ኔትወርክ የሚላክ ይሆናል። የሬዲዮ ድግግሞሹ ፈቃድም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቀድሞ ይጠየቅ።

ከጠፈር የሚታየውና የማይታየው

የራዳር ሳተላይት ንጽጽር፣ ማለትም በተለያየ ቀን የተነሱ የራዳር ምስሎችን አወዳድሮ የመሬትን እንቅስቃሴ መለካት፣ ለድልድዩ ሳይሆን ለአካባቢው መሬት ነው የሚመረጠው። የአውሮፓ ሴንቲነል 1 ምስሎች በነጻ ይገኛሉ፣ አንዱ ሳተላይት በ12 ቀን ይመለሳል፤ የአንዱ ነጥብ መጠን 5 በ20 ሜትር ያህል ስለሆነ አጭር ድልድይ በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ብቻ ይታያል። በሁለት ምስሎች መካከል ከ1.4 ሴንቲ ሜትር በላይ የተንቀሳቀሰ ነገር መጠኑ ይደባለቃል፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚደረግ እንቅስቃሴ ደግሞ ብዙም አይታይም። ቁጥቋጦ ባለበት ተዳፋት ምልክቱ ይጠፋል፤ እዚያ የብረት አንጸባራቂ ይተከላል።

ሰፊ እንቅስቃሴ ላይ ግን የሚያክለው የለም። በ2005 እ.ኤ.አ. በአፋር ዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የተሰነጠቀው ምድር እስከ 8 ሜትር መከፈቱ የተለካው በዚህ ዘዴ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ባለው የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ መሬቱ ይንሸራተታል፤ እዚያ ሳተላይቱ የትኛው ተዳፋት እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል፣ ከዚያ የመሬት ውስጥ ማጋደያ መለኪያ፣ የስንጥቅ ሽቦ እና የዝናብ መለኪያ በዚያ ቦታ ብቻ ይተከላሉ። ሳተላይቱ ለመምረጥ፣ የመሬቱ መሣሪያ ለማስጠንቀቅ። በ12 ቀን የሚመጣ ምስል ሌሊት የሚወርድን ናዳ አያስጠነቅቅም።

ሁለት ድልድይ

ከድጋፍ እስከ ድጋፍ 15 ሜትር የሆነ፣ ለሁለት ዓመት የተሸካሚው ስንጥቅ የተረጋጋ፣ ኮንክሪቱ 25 ሜጋፓስካል የሆነ፣ የመታጠፍ አቅሙ በ20 በመቶ ያነሰ የአገር ውስጥ ድልድይ፣ በካርቦን ጨርቅ አንድ ወይም ሁለት ንብርብር፣ ጫፎቹ ላይ በሺር ቀለበት ተይዘው ይጠናከር። ለክትትል ሁለት የስንጥቅ መለኪያ፣ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ በዓመት አንዴ በመዶሻ የሚመረምር ሰው ይበቃዋል። የሚተርፈው ገንዘብ የውኃ መውረጃውንና ቤሪንጉን (ተሸካሚው የሚያርፍበትን ትራስ) ይጠግን።

ሁለተኛው ወንዙ በክረምት የሚሞላበት፣ ምሰሶው ጥልቀቱ በማይታወቅ መሠረት ላይ የቆመ ድልድይ ነው። ለተሸካሚው ምንም አይገዛ። በምሰሶው አናት ላይ ማጋደያ መለኪያ፣ ከድልድዩ ሥር ራዳር የውኃ ከፍታ መለኪያ፣ በቴሌ ሲም የሚላክ መልእክት። ደረጃው አስቀድሞ ይጻፍ፦ ውኃው ከተሸካሚው ሆድ 1 ሜትር ሲቀረው ለወረዳው ፖሊስና ለመንገድ ጥገና ዲስትሪክቱ ስልክ ይደወላል፤ ማጋደያው ከመነሻው ከዕለታዊው የሙቀት ልዩነት ከፍ ብሎ ከተንቀሳቀሰና ካልተመለሰ ድልድዩ ወዲያው ይዘጋል፤ ዳግም የሚከፈተው ጠላቂ ዋናተኛ ወይም ሶናር (በድምፅ ውኃ ሥር የሚያይ መሣሪያ) መሠረቱን ካየ በኋላ ብቻ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ስም፣ የሚተካው ሰው ስም፣ መንገዱን የሚዘጋው ብረት ሰንሰለት የት እንደሚቀመጥ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ በሁለቱም ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሶላር ፓነሉ በቀላል መሰላል የማይደረስበት ቦታ ላይ ይውጣ፤ የሲም ካርዱ ሂሳብ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ይሞላ።